የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሲ የተጻፈ ኩዊክሶርት በተደረደረ ፋይል ላይ ለምን ይወድቃል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል አራቱ በዝቅተኛ ደረጃ የፕሮግራም ቋንቋዎች ቁጥሮችንና መዝገቦችን ስለመደርደር የሚያነሱ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ለሌሎቹም መሠረት ስለሚጥል መልሱ ረዘም ብሏል።

ጥያቄ፦ በሲ ቋንቋ ኩዊክሶርትን ራሴ ጻፍኩ። በዘፈቀደ የተቀላቀሉ አንድ ሚሊዮን የኢንት (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ቁጥሮችን ስሰጠው ወዲያውኑ ደርድሮ ይጨርሳል። ቀድሞ የተደረደረ ፋይል ስሰጠው ግን ለደቂቃዎች ከቆየ በኋላ «ሴግሜንቴሽን ፎልት» ብሎ ይቋረጣል። ሥራው ያለቀለትን ፋይል መደርደር እንዴት የበለጠ ይከብደዋል? ኮዱን አያይዤ ልኬያለሁና ስህተቱን ብታመለክቱኝ።

መልስ፦ የላኩልንን ኮድ መስመር በመስመር ተመልክተነዋል። ቁጥሮችን የሚያቀያይረው ክፍል ትክክል ነው፤ ችግሩ ያለው ፒቮቱን፣ ማለትም የመከፋፈያውን ቁጥር፣ በሚመርጠው አንድ መስመርና ፈንክሽኑ ራሱን መልሶ በሚጠራባቸው ሁለት መስመሮች ላይ ነው። የፕሮግራሙ መጓተትና መቋረጥ ከአንድ ምንጭ ቢነሡም ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ስለሆኑ ለየብቻ ማየቱ ይጠቅማል።

በመጓተቱ እንጀምር። እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ነድፎ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው በዚህ አልጎሪዝም ከአሬዩ (ቁጥሮቹ በተርታ ከተቀመጡበት ዝርዝር) ውስጥ አንድ ቁጥር ፒቮት ተብሎ ይመረጥና ከእሱ የሚያንሱት ወደ ግራ፣ የሚበልጡት ወደ ቀኝ ይደረጋሉ፤ ከዚያም ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው በዚያው መንገድ ይደረደራሉ። ፒቮቱ አሬዩን ለእኩሌታ በሚጠጋ ቦታ በከፈለው ቁጥር ሥራው በፍጥነት ስለሚሟሽሽ፣ በዘፈቀደ ለተቀላቀሉ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች የሚያስፈልገው ንጽጽር በአማካይ ከ30 ሚሊዮን በታች ነው። እርስዎ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ቁጥር ፒቮት አድርገዋል። በተደረደረ አሬይ ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር ከሁሉም ያነሰው ነውና ክፍፍሉ አንድን ቁጥር በግራ፣ የቀሩትን 999,999 በቀኝ ያስቀምጣል፤ ቀጣዩ ዙርም እንዲሁ አንድ ብቻ ይቀንሳል። በዚህ አካሄድ ሥራው እስከ መጨረሻው ቢዘልቅ የንጽጽሩ ብዛት 500 ቢሊዮን ገደማ በደረሰ ነበር።

እስከ መጨረሻው ያልዘለቀበት ምክንያት ስታኩ (የጥሪዎች መረጃ የሚደራረብበት የሚሞሪ ክፍል) ስለሞላ ነው። ፈንክሽኑ ራሱን በጠራ ቁጥር የመመለሻውን አድራሻና የራሱን ተለዋዋጮች ስታክ ላይ ያስቀምጣል። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች አንድ ፕሮግራም በመነሻው የሚሰጠው የስታክ ወሰን 8 ሜጋባይት ነው። እያንዳንዱ ጥሪ 64 ባይት ብቻ ቢወስድ እንኳን 131,072ኛው ጥሪ ላይ ቦታው ያልቃል፤ የእርስዎ ፕሮግራም የሚፈልገው ግን አንድ ሚሊዮን ያህል የተደራረቡ ጥሪዎችን ነው። እዚያ እስኪደርስ ድረስ ከ120 ቢሊዮን በላይ ንጽጽር ማድረጉ ደቂቃዎቹ የት እንደጠፉ ይነግርዎታል። ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ያሉ ቋንቋዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ ቦታ ጥልቀቱ ከወሰን እንዳለፈ የሚገልጽ መልእክት አሳይተው ያቆማሉ፤ በሲ ግን የሚያገኙት ያልተፈቀደ ሚሞሪ መነካቱን የሚገልጸውን «ሴግሜንቴሽን ፎልት» የሚለውን ሁለት ቃል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው እርማት ፒቮቱን ከመካከል መውሰድ ነው። መካከሉን ሲያሰሉ የግራውንና የቀኙን መጠቆሚያ ደምረው ለሁለት አያካፍሉ፤ አሬዩ እጅግ ትልቅ ሲሆንና መጠቆሚያዎቹ ኢንት ሲሆኑ ድምሩ ባለ 32 ቢት ኢንት ሊይዝ የሚችለውን ትልቁን ቁጥር 2,147,483,647ን አልፎ ወደ አሉታዊ ሊዞር ይችላል። በምትኩ የሁለቱን ልዩነት ለሁለት አካፍለው ግራው ላይ ይደምሩት። ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ እንዳይመስልዎ፤ በጃቫ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ በነበረው የባይነሪ ሰርች (በተደረደረ ዝርዝር ውስጥ እየከፈለ የሚፈልግ) ኮድ ይኸው ድምር ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ ጆሹዋ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ አድርጎታል።

ክፍፍሉ ራሱ እንዴት እንደሚሄድ በትንሽ አሬይ ላይ እንየው፤ ኮዱንም ሲያስተካክሉ እየተከተሉ ያመሳክሩት። ቁጥሮቹ 7፣ 2፣ 9፣ 4፣ 1፣ 8፣ 3 ይሁኑ፤ መካከለኛው 4 ፒቮት ነው። የግራው ጠቋሚ ከአሬዩ መነሻ አንድ ቦታ ቀድሞ፣ የቀኙ ጠቋሚ ከመድረሻው አንድ ቦታ አልፎ ይቆማሉ። የግራው ከ4 የማያንስ ቁጥር እስኪያገኝ ወደፊት ይሄድና 7 ላይ ይቆማል፤ የቀኙ ከ4 የማይበልጥ እስኪያገኝ ወደኋላ ይመጣና 3 ላይ ይቆማል፤ ሁለቱ ይቀያየራሉ። በሁለተኛው ዙር የግራው 2ን አልፎ 9 ላይ፣ የቀኙ 8ን አልፎ 1 ላይ ይቆሙና እነዚህም ይቀያየራሉ፤ አሬዩ አሁን 3፣ 2፣ 1፣ 4፣ 9፣ 8፣ 7 ሆኗል። በሦስተኛው ዙር ሁለቱም ጠቋሚዎች 4 ላይ ይገናኛሉና ክፍፍሉ አልቋል፤ የግራው ወገን እስከ 4 ድረስ ያለው፣ የቀኙ ደግሞ ከ9 የሚጀምረው ነው።

በዚህ አካሄድ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛው፣ ጠቋሚዎቹ ከፒቮቱ ጋር እኩል የሆነ ቁጥር ሲያገኙ አልፈውት እንዳይሄዱ፣ እንዲቆሙ መደረጋቸው ነው። እኩል ቁጥሮችን መቀያየር ከንቱ ልፋት ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም ቁጥሮች አንድ ዓይነት የሆኑበት አሬይ ሲመጣ ክፍፍሉ መካከል ላይ እንዲወድቅ የሚያደርገው ይኸው መቀያየር ነው። ጠቋሚዎቹ ሁለቱም ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱበትና በሎሙቶ ስም የሚታወቀው አጭሩ የክፍፍል ዘዴ ለማስተማር ቢመችም በእንደዚህ ዓይነት አሬይ ላይ ልክ እንደ እርስዎ ፕሮግራም ይንኮታኮታል። ሁለተኛው፣ ከላይ በተገለጸው ዘዴ የመጨረሻውን ቁጥር ፒቮት ካደረጉና እሱ ከሁሉም የሚበልጥ ከሆነ የግራው ወገን መላውን አሬይ ስለሚይዝ ፈንክሽኑ ያንኑ ሥራ ለራሱ እየሰጠ ማለቂያ ያጣል። መካከሉ ወደ ታች ተጠጋግቶ ሲሰላ ይህ ሊደርስ አይችልም።

መካከለኛውን መውሰድ የተደረደረውን ፋይል ያድናል እንጂ ስታኩን በሁሉም ግቤት ላይ አያድንም። ለስታኩ ዋስትና የሚሰጠው ቀላል መላ ይህ ነው፦ ከክፍፍል በኋላ ፈንክሽኑ ራሱን የሚጠራው ለትንሹ ወገን ብቻ ይሁን፤ ትልቁን ወገን መጠቆሚያዎቹን ቀይሮ በዚያው ሉፕ ውስጥ ይቀጥልበት። ትንሹ ወገን ከጠቅላላው እኩሌታ ሊበልጥ ስለማይችል እያንዳንዱ አዲስ ጥሪ ቢያንስ በግማሽ ያነሰ ሥራ ይዞ ይገባል፤ ለአንድ ሚሊዮን ቁጥሮችም ፒቮቱ የቱንም ያህል ክፉ ቢሆን የተደራረቡት ጥሪዎች ከ20 አይበልጡም። ከእርስዎ ኮድ ላይ የሚቀየሩት አራት ወይም አምስት መስመሮች ናቸው፤ በእኛ እምነት በሲ ኩዊክሶርት የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያደርግ ኮዱን ለሌላ ሰው መስጠት የለበትም።

ጊዜውን በተመለከተ ግን አሁንም ክፍተት አለ። የመጀመሪያውን፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን ቁጥር አወዳድሮ መካከለኛውን ዋጋ ፒቮት ማድረግ የተለመደና ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ዳግላስ ማክኢልሮይ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳየው ከሁለት ቁጥሮች የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው የማነጻጸሪያ ፈንክሽኑ በተንኮል መልስ እንዲሰጥ በማድረግ ለማንኛውም የተለመደ ኩዊክሶርት የሚገድለውን ግቤት ማምረት ይቻላል። ከውጭ የሚመጣ ግቤት በሚቀበል ፕሮግራም ላይ ይህ ሆን ተብሎ ሊደረግ የሚችል ጥቃት ነው። መድኃኒቱን ዴቪድ መስር እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንትሮሶርት ብሎ አቅርቦታል፦ የክፍፍሉን ጥልቀት የሚቆጥር ተለዋዋጭ ይያዛል፤ ቁጥሩ ከአሬዩ ብዛት ሎጋሪዝም (በመሠረት 2) ሁለት እጥፍ፣ ለአንድ ሚሊዮን ከ40 ገደማ፣ ሲያልፍ የቀረው ክፍል ሂፕሶርት ለተባለው ሌላ የድርደራ አልጎሪዝም ይሰጣል። ሂፕሶርት በአማካይ ከኩዊክሶርት ይዘገያል፤ በክፉ ግቤት ላይ ግን እንደ ኩዊክሶርት አይፈርስም። ብዙዎቹ የሲፕላስፕላስ ላይብረሪዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ቅይጥ ነው።

አሬዩ ከ16 ያህል ቁጥሮች በታች ሲሆን ደግሞ መከፋፈሉን ትተው እያንዳንዱን ቁጥር ቀድመው በተደረደሩት መካከል ወደሚያስገባው ኢንሰርሽን ሶርት ይለፉ። ኢንሰርሽን ሶርት ለአንድ ሚሊዮን ቁጥሮች በአማካይ 250 ቢሊዮን ንጽጽር ስለሚጠይቅ ለትልቅ አሬይ አይታሰብም፤ ለ16 ቁጥሮች ግን ሉፑ አጭር ነው፣ ጥሪ የለውም፣ 16 የኢንት ቁጥሮችም በአብዛኛው ፕሮሰሰር ላይ አንድ የካሽ (ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነ ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ) መስመር የሚይዘውን 64 ባይት ብቻ ይሞላሉ። ትክክለኛውን ወሰን በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ ለክተው ይወስኑ፤ ከ10 እስከ 30 ባለው መካከል ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

ሲጨርሱ በዘፈቀደ በተቀላቀለ ግቤት ብቻ አይፈትኑ። ባዶ አሬይ፣ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ሁለት ቁጥሮች፣ ሁሉም እኩል፣ ወደ ላይ የተደረደረ፣ ወደ ታች የተደረደረ፣ እስከ መካከል ወጥቶ የሚወርድ፤ እነዚህን ሁሉ ይስጡት። ባዶው አሬይ በተለይ አደገኛ ነው፤ መጠቆሚያዎቹ አሉታዊ ቁጥር በማይዘው የሳይዝ ቲ ዓይነት ከተያዙ ከዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ በ64 ቢት ሥርዓት 18,446,744,073,709,551,615 ይሆናልና ፈንክሽኑ የሌለ ሚሞሪ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ብዛቱ ከ2 በታች ከሆነ ወዲያው እንዲመለስ ያድርግ። በሙከራ ጊዜም የኮምፓይለሩን አድረስ ሳኒታይዘር ያብሩ፤ ከወሰን የወጣ ንባብ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ የራሴን ከመጻፍ ይልቅ በሲ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ኪውሶርት የተባለ የመደርደሪያ ፈንክሽን እጠቀማለሁ። የማነጻጸሪያ ፈንክሽኔ የመጀመሪያውን ቁጥር ከሁለተኛው ቀንሶ ልዩነቱን ይመልሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህ ስህተት ነው አለኝ፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ያለ ችግር ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። ልዩነቱ በኢንት ወሰን ውስጥ እስካለ ድረስ ፈንክሽንዎ ይሠራል፤ ቁጥሮችዎ ሁልጊዜ ትናንሽ ከነበሩ ችግር ያላዩት ለዚህ ነው። ሦስት ቁጥሮችን እንውሰድ፦ 2,000,000,000፣ 0 እና አሉታዊ 2,000,000,000። የመጀመሪያው ከዜሮ ይበልጣል፣ ዜሮም ከሦስተኛው ይበልጣል፤ እስካሁን መልሱ ልክ ነው። የመጀመሪያው ከሦስተኛው ሲቀነስ ግን እውነተኛው ልዩነት 4,000,000,000 በ32 ቢት ውስጥ አይገባም። በሲ ደንብ የዚህ ውጤት አልተበየነም፤ በተግባር በአብዛኛው አሉታዊ 294,967,296 ሆኖ ይመለሳል፤ ማለትም ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ከሁሉ ከሚያንሰው ያንሳል ተብሎ ይነገራል። ሀ ከለ፣ ለ ከሐ፣ ሐ ደግሞ ከሀ ይበልጣል ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ክብ ፍርድ የተሰጠው አልጎሪዝም የተዘበራረቀ ውጤት ቢሰጥ አይፈረድበትም።

ጉዳቱ በተዘበራረቀ ውጤት ላይ ብቻ ላይቆምም ይችላል። ብዙ የድርደራ ኮዶች ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ «ከዚህ የሚያንስ ቁጥር በግራ በኩል በእርግጥ አለ» ብለው በማመን የወሰን ፍተሻን ይተዋሉ፤ ማነጻጸሪያው ሲዋሽ ጠቋሚው ከአሬዩ ውጭ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ኳሊስ የተባለው የኮምፒዩተር ደህንነት ድርጅት ተመራማሪዎች በሊኑክስ ላይ በስፋት በሚሠራበት የሲ ላይብረሪ በጂሊብሲ ኪውሶርት ውስጥ ይኸው ዓይነት ድክመት እንደነበረ ይፋ አድርገዋል፦ ማነጻጸሪያው ወጥ ሳይሆን ሲቀርና ኪውሶርቱ ተጨማሪ ሚሞሪ ጠይቆ ሲከለከል ከወሰን ውጭ ማንበብና መጻፍ ይቻል ነበር። በምሳሌነት ያነሡትም እንደ እርስዎ በመቀነስ የሚሠሩ ማነጻጸሪያዎችን ነው።

እርማቱ አጭር ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይበልጣል ወይ ለሚለው ንጽጽር ሲ 1 ወይም 0 ይመልሳል፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ያንሳል ወይ ለሚለውም እንዲሁ። ሁለተኛውን ውጤት ከመጀመሪያው ይቀንሱ፤ መልሱ 1፣ 0 ወይም አሉታዊ 1 ብቻ ስለሚሆን ከወሰን የሚያልፍበት መንገድ የለም። ኮምፓይለሩም ይህን ያለ አንዳች የሁኔታ ዝላይ (የንጽጽሩን ውጤት አይቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚዘል ትእዛዝ) መተርጎም ይችላል፤ ስለዚህ ከመቀነሱ ይዘገያል ብለው አይስጉ።

ኪውሶርት ስሙ ኩዊክሶርትን ቢያስታውስም የሲ ደንብ በየትኛው አልጎሪዝም መሠራት እንዳለበት ወይም በምን ያህል ጊዜ መጨረስ እንዳለበት አይደነግግም። በአንድ ሥርዓት ላይ የለኩት ፍጥነት በሌላው ላይ ይደገማል ብለው አያቅዱ።

ጥያቄ፦ የድርደራ ኮዴን ከሲ ለፕሮሰሰሩ ትእዛዞች እጅግ ቅርብ ወደሆነው ቋንቋ ወደ አሴምብሊ ብቀይረው ምን ያህል ይፈጥናል? ልፋቱስ ዋጋ አለው?

መልስ፦ በአብዛኛው ዋጋ የለውም፤ ቢያንስ በመጀመሪያ ደረጃ። ከዚያ በፊት የሚደረጉ ሦስት ነገሮች አሉና በእነሱ ይጀምሩ። ኮዱን ኦ2 በተባለው የማሻሻያ ደረጃ ኮምፓይል ያድርጉ፤ ያለዚህ የሚወሰድ ልኬት ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ፣ ማነጻጸሪያውን በፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ) የሚጠሩ ከሆነ በቀጥታ ሉፑ ውስጥ ይጻፉት፤ ኪውሶርት ለእያንዳንዱ ንጽጽር አንድ የፈንክሽን ጥሪ ስለሚያደርግ ለአንድ ሚሊዮን ቁጥሮች 20 ሚሊዮን ያህል ጥሪ ይከፍላሉ፤ ኮምፓይለሩም በፖይንተሩ አሻግሮ ማየት ስለማይችል ሊያሻሽለው አይችልም።

ሦስተኛው ብዙም የማይነገርለት ነው። ፕሮሰሰሩ የሁኔታ ዝላይ ሲያጋጥመው ውጤቱን ገምቶ ወደፊት ይሠራል፤ ግምቱ ከሳተ እስከዚያ የጀመረውን ጥሎ ይመለሳል፤ ይህም በዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ላይ ከ15 እስከ 20 ሳይክል (የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት) ይፈጃል። ጥሩ ፒቮት ማለት ቁጥሮቹን ለእኩሌታ የሚከፍል ነው፤ ስለዚህ ፒቮቱ በተሻለ መጠን «ይህ ቁጥር ያንሳል ወይስ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ለግምት ይከብዳል። መውጫው ዝላዩን ማስቀረት ነው፦ ቁጥሩ ቢያንስም ባያንስም ይቀያየራል፤ የግራው መጠቆሚያ ግን በንጽጽሩ ውጤት፣ ማለትም በ1 ወይም በ0፣ ይጨምራል። ትርፍ ጽሕፈት ቢኖረውም የሚሳት ግምት የለውም። ኮምፓይለሩ በእርግጥ ዝላዩን እንዳስቀረ ለማወቅ ያመነጨውን አሴምብሊ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አሴምብሊን ማወቅ የሚጠቅመውም ከመጻፍ ይልቅ ለዚህ ንባብ ነው።

በእጅ የሚሠራ አሴምብሊ የት ድረስ እንደሚያስኬድ የሚያሳይ አንድ ጥሩ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጉግል ዲፕማይንድ አልፋዴቭ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቱ አማካይነት ከ3 እስከ 5 ቁጥሮችን ለሚደረድሩ አጫጭር ኮዶች የተሻለ የአሴምብሊ ቅደም ተከተል አግኝቶ ውጤቱ ኤልኤልቪኤም በተባለው የኮምፓይለር ፕሮጀክት የሲፕላስፕላስ ላይብረሪ ውስጥ ገብቷል። ድርጅቱ ራሱ ባስታወቀው መሠረት ጥቅሙ ለአጫጭር ዝርዝሮች እስከ 70 በመቶ፣ ከ250,000 በላይ ቁጥር ላላቸው ግን 1.7 በመቶ ነው።

ቁጥሮችዎ የኢንት ብቻ ከሆኑ አልጎሪዝሙን መቀየር ከማንኛውም አሴምብሊ የበለጠ ትርፍ አለው። ራዲክስ ሶርት ቁጥሮችን እርስ በርስ ጨርሶ አያነጻጽርም፤ የ32 ቢቱን ቁጥር በ8 ቢት ከፋፍሎ ከታችኛው ክፍል በመጀመር በ4 ዙር ይጨርሳል። በየዙሩ 256 ቆጣሪዎች ይሞላሉ፣ ከቆጠራው የእያንዳንዱ መነሻ ቦታ ይሰላል፣ ቁጥሮቹም ወደ ሁለተኛ አሬይ ይገለበጣሉ። ዋጋው ያ ሁለተኛ አሬይ ነው፤ ለአንድ ሚሊዮን ኢንት 4 ሚሊዮን ባይት። በ16 ቢት ከፍሎ በ2 ዙር መጨረስ ያጓጓል፤ ነገር ግን 65,536 ቆጣሪዎች ባለ 4 ባይት ሲሆኑ 256 ኪሎባይት ስለሚወስዱ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 48 ኪሎባይት በሆነው የመጀመሪያ ደረጃ ካሽ ውስጥ አይገቡም፤ የተቆጠበው ዙርም በዚያ ይባክናል። አሉታዊ ቁጥሮች ካሉ ከድርደራው በፊት የምልክቱን ቢት መገልበጥና ሲያልቅ መመለስ እንዳይረሳ፤ አለበለዚያ አሉታዊዎቹ ከአዎንታዊዎቹ በኋላ ይሰለፋሉ።

ጥያቄ፦ የተማሪዎችን መዝገብ መጀመሪያ በስም፣ ከዚያ በውጤት በኪውሶርት እደረድራለሁ። እኩል ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ግን የስም ቅደም ተከተላቸው ይፋለሳል። ለምን?

መልስ፦ ኪውሶርት እኩል የሆኑትን በነበሩበት ቅደም ተከተል የማቆየት ግዴታ የለበትም፤ ኩዊክሶርትም ሆነ ሂፕሶርት በተፈጥሯቸው ያፋልሱታል። ሁለት ጊዜ ከመደርደር ይልቅ አንድ ማነጻጸሪያ ይጻፉ፦ መጀመሪያ ውጤቶቹን ያነጻጽር፤ እኩል ከሆኑ የስሞቹን ንጽጽር ይመልስ። የሚፈልጉት የስም ሳይሆን የመጀመሪያውን የፋይል ቅደም ተከተል ማቆየት ከሆነ፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ የመነሻ ተራ ቁጥሩን የሚይዝ አንድ መስክ ጨምረው በእኩልነት ጊዜ በእሱ ያለያዩ። መዝገቦቹ ብዙ ባይት የሚይዙ ከሆነም መዝገቦቹን ራሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ወደ እነሱ የሚያመለክቱ ፖይንተሮችን አሬይ ይደርድሩ፤ እያንዳንዱ መቀያየር በ64 ቢት ሥርዓት ላይ 8 ባይት ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ማነጻጸሪያው ግን አሁን የሚቀበለው የፖይንተር ፖይንተር ስለሚሆን አንድ ደረጃ ጨምሮ ማንበብ አለበት።